ግማሽ የተላገች ሳንቃ

ከቤት የወጣሁ ማታ አባቴ የመረቀኝ በመጨረሻ ነው፤ መጀመሪያ ሳንቃ አስያዘኝ።

ሰው ሲሰደድ እንዴት እንደሚሸኝ ታውቃላችሁ። ፀሐይ ጠልቃ የደብረ ብርሃን ብርድ ገና መቆንጠጥ ሲጀምር ጎረቤቱ ሁሉ ደጃችን ተሰብስቧል። አንዷ ድርቆሽ በፌስታል ይዛለች፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ ደግሞ እያለቀሰች ለልጇ ስልክ እንድልክላት ታስታውሰኛለች። እኔ ግን ሻንጣዬን በር ላይ አቁሜ፣ ለመንገድ የተገዛልኝን ጃኬት እንደለበስኩ፣ ከቤታችን ጎን ባለችው የቆርቆሮ ሥራ ቤት ውስጥ ከአባዬ ጋር እንጨት እልግ ነበር። ጃኬቴ ሰጋቱራ በሰጋቱራ ሆኖ ነው አውሮፕላን የተሳፈርኩት።

መላጊያ ለማታውቁ ልንገራችሁ። የሻካራ እንጨት ፊት የሚያለሰልስ መሣሪያ ነው። አካሉ እንጨት ነው፣ መሀሉ ላይ ስለታም ምላጭ አለው፣ ምላጩን ደግሞ ሽብልቅ ወጥሮ ይይዘዋል። የአባዬ መላጊያ ከወይራ የተሠራ ነው፤ ከክንዴ ይረዝማል። ከፊት ለፊቱ በቀዳዳ የገባች አግዳሚ እጀታ አለችው። አባዬ ከኋላ ይገፋል፤ እኔ ከፊት ሆኜ እጀታዋን በሁለት እጄ ይዤ የኋሊት እየሄድኩ እስባለሁ። ሁለት ሰው ሲሆን ምላጩ በሳንቃው አንድ ጫፍ ገብቶ ሳይቆም በሌላው ጫፍ ይወጣል፤ ልጣጩም ሳይበጠስ እንደ ነጠላ ጥለት ረጅም ሆኖ ይወርዳል። አንድ ሰው ብቻውን ሲልግ ግን ክንዱ እስከሚደርስ ይገፋል፣ ይቆማል፣ ተራምዶ እንደገና ይጀምራል። ሥራው ይሠራል፤ ነገር ግን በቆመበት ሁሉ ጠባሳ ይቀራል፣ ወገብም አይተርፍም። እናቴ ከሞተች ጀምሮ የአባዬ ሳቢ እኔ ነበርኩ። ሌላ ልጅ የለውም።

ያን ማታ የያዝናት የዝግባ ሳንቃ ለሰው ሥራ አልነበረችም፤ ለእኔ ክፍል በር ነበረች። አባዬ የሰፈሩን በር ሁሉ ሠርቶ የኔ ክፍል እስከዚያች ቀን ድረስ የሚዘጋው በመጋረጃ ነበር። «ሳትሄጂ በር ላብጅልሽ» ሲል ሰነበተ፣ የሰው ሥራ እየቀደመበት ቀኑ አለቀ። ሳንቃዋን ግማሽ ድረስ እንደላግን ሚኒባሱ ጥሩምባውን ነፋ። አባዬ እጁን ከመላጊያው ሳያነሳ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሳንቃዋን አንስቶ ግድግዳው ላይ አስደገፋት፤ ግማሿ ቢጫና ልስልስ፣ ግማሿ ሻካራ።

«ስትመጪ እንጨርሳታለን።»

«ሁለት ዓመት እኮ ነው አባዬ።»

«እሺ» አለ።

ያኔ ነው የመረቀኝ። መርቆኝ ሲጨርስ ምላጭ የሚስልባትን ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልሎ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተ። «የሰው አገር ቢላ ደንዞ እንዳትቸገሪ» አለኝ። ያለችው ድንጋይ እሷ ብቻ ነበረች። ሚኒባሱ ይጮኻል፣ ሰው ይጎትተኛል፤ እሱ ከዚያ ወዲያ በምን እንደሚስል አልጠየቅኩትም። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቀደም ብሎ ስመዘገብ፣ አዲስ አበባ ኤጀንሲው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ስለ ሥራ ልምዴ ሲጠይቀኝ እውነቱን ነው የነገርኩት።

«እንጨት እስባለሁ።»

«የምን እንጨት?»

«አባቴ አናጺ ነው። ሲልግ እስብለታለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እህቴ፣ አረብ ቤት ውስጥ የሚሳብ ነገር ቢኖር የምንጣፍ መጥረጊያው ማሽን ነው። ልጅ አሳድጌያለሁ በይ።»

«ኧረ ልጅ አሳድጌ አላውቅም።»

«እዚያው እነሱ ልጅ ላይ ትለማመጃለሽ።»

አቡ ዳቢ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ዩኒፎርም የለበሰ ወጣት ሻንጣዬን አስከፈተኝ። በርበሬውን አሸተተና አስነጠሰው። ሽሮውን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ተወው። ድንጋዩን ሲያገኝ ግን ጓደኛውን ጠራ። ከኋላዬ ተሰልፋ የነበረች፣ ለእረፍት ሄዳ የምትመለስ እህታችን አስተረጎመችልኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ።»

«ምን ያደርጋል?»

«ቢላ ይስላል።»

«የማንን ቢላ?»

«የማዳምን።»

«ማዳም ታውቃለች?»

«ገና አልተዋወቅንም።»

ሁለቱ ተያዩ። አንደኛው ድንጋዩን በእጁ መዝኖ «አገራችን በረሃና ተራራ ነው። ከሁሉ የጎደለን ድንጋይ መስሎሽ ነው?» አለና መለሰልኝ። እነሱ ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። በሩ ተከፍቶ ወደ ውጪ ስወጣ ግን ሳቄ እዚያው ቀረ። አየሩ ክዳኑ እንደተነሳ ድስት እንፋሎቱን ፊቴ ላይ ለቀቀብኝ። ጃኬቴን አወለቅኩና ሰጋቱራው መሬት ላይ ሲረግፍ አየሁት።

የማዳም ቤት አል ኻሊዲያ የሚባል ሰፈር ነበር፣ ፎቅ ላይ። ውጪው እሳት፣ ውስጡ በረዶ። የደብረ ብርሃን ብርድ ቢያንስ ፀሐይ ሲወጣ ይሄዳል፤ የማዳም ብርድ ግን በሪሞት ካልሆነ አይሄድም። ሊፍት ውስጥ ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀሽ ትወጫለሽ፣ አንድም ሰው ሰላም አይልሽም። መጀመሪያ ሰሞን የተጣላሁ እየመሰለኝ ለሁሉም አንገቴን ዝቅ አደርግ ነበር። ምሳው ሩዝ፣ እራቱ ሩዝ፣ የተረፈውም ሩዝ። ማዳም ግን ክፉ ሰው አልነበረችም። ይሄን ስጽፍ አንዳንዶቻችሁ ቅር እንደሚላችሁ አውቃለሁ፣ ክፉ ማዳም ታሪክ ታሳምራለች። ያለኝ እሱ ነው፣ ምን ላድርግ። ክፍልም ሰጠችኝ፤ ጠባብ ናት፣ በር ግን አላት። የመጀመሪያ ዕለት በሩን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ስቀመጥ ያቺ ሳንቃ ትዝ አለችኝና ተነስቼ መልሼ ከፈትኩት።

በእረፍት ቀኔ ለአባዬ እደውላለሁ። አባዬ ስልክ ያነሳል እንጂ መዝጋት አያውቅበትም። ደህና ሁኚ ብሎ ከጨረሰ በኋላ ስልኩን እንደተከፈተ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠውና ወደ ሥራው ይመለሳል። እኔ መጋዙን፣ መዶሻውን፣ ሬዲዮውን አዳምጬ አዳምጬ እዘጋለሁ። ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር።

«ሳንቃዋስ?»

«አለች፣ ግድግዳዋን ተደግፋ። አንቺን ትጠብቃለች።»

ዓመቴን እንደጨረስኩ ማዳም አል ዐይን ወደምትባል ሌላ ከተማ ላከችኝ። አባቷ እዚያ ከሞግዚት በላይ ሞግዚት የሚያስፈልጋቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ነገር ይረሳሉ፣ ሠራተኛ ያባርራሉ፣ ከማያውቁት ሰው እጅ አይበሉም። ባባ ነበር የምንላቸው። አረብኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ በአፌ አንተ እያልኩ በልቤ አንቱ እላቸው ነበር፣ እዚህም እንደ ልቤ እጽፋቸዋለሁ። አል ዐይን ደግሞ እንደ አቡ ዳቢ አያልብም፣ ላብሽ ሳይታይ ይደርቃል። ግቢያቸው ውስጥ ተምሮች ነበሩ፤ ከተምሮቹ መሀል እኛ ቁርቁራ የምንላት፣ እነሱ ሲድር የሚሏት ዛፍ ነበረች። ቁርቁራ ሳይ እንባዬ መጣ፣ እንደ ዘመድ።

ባባ ከዛፏ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ አንድ ጥቁር ነገር አስቀምጠዋል። ቀረብ ስል መላጊያ ነው። ያውም የእንጨት፣ ትልቅ፣ ከዚያችው ከቁርቁራ የተሠራ። ከፊት ለፊቱ ቀዳዳ አለው። ሌላ ሰው ቢያየው የምስጥ ሥራ ይመስለዋል፤ እኔ ግን አወቅኩት። ሰላም እንኳ ሳልል በርከክ አልኩና ሁለት ጣቴን በቀዳዳው አስገብቼ ወደ ራሴ ሳብ አደረግኩት።

ባባ አዩኝ። «ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ አናጺ ነው። እኔ እስብ ነበር።»

«እኔም እስብ ነበር» አሉ። አባታቸው በድሮ ጊዜ በርና የጉድጓድ መዘውር የሚሠሩ ሰው ነበሩ። አባት ከኋላ፣ ባባ ከፊት፤ ልክ እንደኛ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእጄ በሉ። ማዳም በስልክ «ምን አደረግሽው?» ብላ ተገረመች።

መላጊያው ግን አይሠራም ነበር። ሽብልቁ ጠፍቷል፣ ምላጩ ዝገት ለብሷል፣ የታችኛው ፊቱ በድርቀት ጎብጧል። ባባ በየቀኑ ከሰዓት «ያላ፣ እንሥራ» ይላሉ፤ አንስተው ሳንቃ ላይ ያስቀምጡታል፣ እንቢ ይላቸዋል፣ መልሰው ጉልበታቸው ላይ ያደርጉታል። አንድ ሰሞን ማዳም ለዓይናቸው ሕክምና አቡ ዳቢ ልትወስዳቸው መጣች። ሲሄዱ መላጊያውን እኔ ዘንድ አስቀመጡ።

«ማዳም፣ እስኪመለሱ ልሥራው?»

«እንደፈለግሽ። አሮጌ እንጨት ነው፤ እሱን ካስደሰተው ሥሪው።»

የቤቱ ሾፌር ሰናይያ ወሰደኝ። ጋራዥና ሱቅ ብቻ በሆነው ሰፈር ውስጥ የተልባ ዘይትና የብርጭቆ ወረቀት ስጠይቅ ባለሱቁ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ካፊልሽ አናጺ ነው?» አሠሪዬን ማለቱ ነው።

«አይደለም።»

«ባልሽ ነው?»

«እኔው ነኝ።»

«ታዲያ የናንተን ቤት ዕቃ ማን ያጥባል?»

«እሱንም እኔው።»

«እንግዲያው በሥራ ሁለት ሰው ነሽ» አለና ሳይጨምር ሳይቀንስ ሸጠልኝ።

እንግዲህ እነዚያ ቀናት ከተሰደድኩ ወዲህ ከሁሉ የጣፈጡኝ ናቸው፤ ለዚህ ነው ሳወራቸው የማፍረው። ምላጩን ኮምጣጤ ውስጥ አሳደርኩት፣ ዝገቱን ፈተግኩ፣ የአባዬን ድንጋይ በውሃ አርሼ ሳልኩት። ጀርባውን መጀመሪያ፣ ከዚያ ዘንበል አድርጌ አፉን፣ አባዬ ሲያደርግ እንዳየሁት፣ የክንዴን ፀጉር እስኪላጭ። ከተሰበረ ወንበር እግር ላይ ሽብልቅ ጠረብኩ፤ ሦስቴ አበላሽቼ በአራተኛው ገባ። የታችኛውን ፊት ለማቅናት የብርጭቆ ወረቀቱን የእብነ በረድ ንጣፍ ላይ ዘርግቼ፣ ፊቱን ከሰል ቀብቼ አሸሁት፤ ከሰሉ የለቀቀበት ጉብታ ነው፣ የቀረበት ጎድጓዳ። ከሰሉ ሁሉ እስኪለቅ አሸሁ። ከዚያ ምላጩን አስገብቼ፣ ገልብጬ በአንድ ዓይኔ እያየሁ፣ አናቱን ቀስ እያልኩ መታሁት፤ ከታች ፀጉር የምታህል ጫፉ ብቅ እስክትል። ቁራጭ እንጨት ላይ ብቻዬን ስገፋው ሽ አለ። ድምፁ የደብረ ብርሃን ድምፅ ነበር።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ።

እናቴ ድስት ስትዋስ፣ ከተዋሰችው ይልቅ አንጽታ፣ አመድ አድርጋ ፈትጋ፣ እያብለጨለጨ ነበር የምትመልሰው። የሰው ዕቃ በእጅሽ ገብቶ ቆሽሾ ከተመለሰ ነውር ነው። መላጊያው ደግሞ ከነጥቁረቱ ነበር፤ ላይና ጎኑ የዘመን ላብና ዘይት ለብሷል። ለባባ እንዲህ አድርጌ ልመልስ ብዬ አፈርኩ። የተሰበረ ጠርሙስ አንስቼ፣ አናጺ እንደሚፍቀው፣ በብርጭቆው ጠርዝ ላዩን ሁሉ ፋቅኩት። የቁርቁራው ቀይ መልክ ወጣ። ከኋላ በኩል፣ ከምላጩ ጀርባ፣ አንዲት ጎድጓዳ ነበረች፤ ጥቁር፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል። የወደቀበት ቦታ መሰለኝ። እሷንም አስተካከልኳት። ዘይት አጠጥቼ ፀሐይ ላይ ሳቆመው እንደ አዲስ ሙሽራ አማረ።

እኔ ሳቢ ነኝ። ሳቢ ፊቱ ወደ መላጊያው ቢሆንም ዓይኑ ምላጩ አፍ ላይ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ከፊት ቆሜ የገፊ አውራ ጣት የት እንደሚያርፍ አይቼ አላውቅም።

ባባ ሲመለሱ ከዛፏ ሥር አስቀምጫቸው መላጊያውን ጉልበታቸው ላይ አኖርኩላቸው። ማዳም ከኋላቸው ቆማለች፣ ፈገግ ብላለች። ባባ አቀፉት። ከዚያ አውራ ጣታቸው ወደ ኋላ ሄደች፤ ቦታዋን ፈለገች። ትንሽ ወደ ቀኝ አለች፣ ትንሽ ወደ ግራ አለች። ተመለሰች። እንደገና ፈለገች።

«ይሄ የማን ነው?» አሉኝ።

«የእርስዎ ነው ባባ።»

«የኔ አይደለም።» ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡት፣ እንደ ሰው ዕቃ። «የአባቴ የት አለ?»

ያቺ ጎድጓዳ የአባታቸው አውራ ጣት ዕድሜ ልክ ሲገፋ የቦረቦራት ነበረች። ባባ ልጅነታቸውን ሁሉ ከፊት ሆነው ሲስቡ ኖረው፣ አባታቸው ሲሞቱ የራሳቸውን ጣት እዚያ አስቀምጠው ቀሩ። እኔ በጠርሙስ ስባሪ ፍቄ ጣልኳት። ልጣጩን እንኳ ጠርጌ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ነው የከተትኩት፤ ሄጄ ፈልጌ ነበር፣ መኪናው ወስዶታል።

ከዚያ ወዲያ ባባ ግቢውን እየዞሩ የአባታቸውን መላጊያ መፈለግ ጀመሩ። ዕቃ ቤቱን ከፍተው ያያሉ፣ ከአልጋ ሥር ያያሉ። እኔን አይቆጡም። አብሬያቸው እፈልጋለሁ፤ ምን ልበላቸው?

ማዳም ልታናግረኝ ስትመጣ «ኸላስ፣ በቃ፣ ሻንጣሽን» እንደምትለኝ አልተጠራጠርኩም። ውሌ ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ብባረር ደስ ይለኝ ነበር። ብባረር ቤቴ እገባለሁ፣ ሳንቃዬን እጨርሳለሁ፣ ሽማግሌውን ጥዬ የሄድኩትም እኔ አልሆንም። ማዳም ግን ወጥ ቤት ገብታ የኔን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። መላጊያውን ይዛ የራሷን አውራ ጣት ከኋላው እያሻሸች ነበር።

«ጣቱ እዚህ እንደምታርፍ እኔም አላውቅም ነበር» አለች። «ልጁ ሆኜ። ሥሪው ያልኩሽም እኔ ነኝ።»

ድስቱን ከእሳት አወረድኩ።

«ሌላ ሁለት ዓመት ቆይልኝ። ተቀይሞሽም ቢሆን ስትጠፊ የሚጠራው አንቺን ነው።»

«አባቴን ልጠይቅ» አልኩ።

ለአባዬ ደወልኩ፤ የጠየቅኩት ግን ስለ መላጊያው ብቻ ነው። ሁሉንም ነገርኩት፤ ምላጩን፣ ሽብልቁን፣ ከሰሉን። «ጎበዝ» እያለ ሰማ። ጠርሙሱ ላይ ስደርስ አቋረጠኝ።

«ጀርባውን ፋቅሽው?»

«አዎ።»

«እኔ የኔን ፍቄ አሳይቼሽ አውቃለሁ?»

«አታውቅም።» ከዚያ ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩ። «ያንተም ጎድጓዳ አለው አባዬ?»

«ታዲያ! እጄ ስንት ዘመን ያረፈበት ነው።» አስከትሎ «ያንቺም አለ» አለ። «እጀታዋ ላይ፣ በግራና በቀኝ። አንቺ ስለያዝሻት አታይውም።»

እሱ ቀጠለ። «በመሮ ቆፍረሽ እንዳትሰጫቸው። ሽማግሌ ቢረሳም እጁ አይረሳም፣ የውሸት መሆኑን ያውቃል። ይሥሩበት። የራሳቸው ጣት ቦታ ታብጅ።»

«ዕድሜያቸው ገፍቷል እኮ። መቼ ይደርሳል?»

«አይደርስም ይሆናል። አንቺ ሳቢላቸው ብቻ።»

ስለ ውሉ አልነገርኩትም። በሚቀጥለው እነግረዋለሁ አልኩ።

በማግስቱ ከሰዓት አንድ ሳንቃ ከዛፏ ሥር አጋደምኩ፣ ለቀዳዳው እጀታ ጠርቤ አስገባሁ፣ መላጊያውን ሳንቃው ጫፍ ላይ አስቀምጬ ከፊት ቆምኩ። ባባ ከወንበራቸው ሆነው ያዩኛል። እጀታውን ይዤ ጠበቅኩ። ገፊ የሌለው ሳቢ ምን ያህል ሞኝ እንደሚመስል እኔም ያኔ ነው የገባኝ። ባባም ያንኑ ሳይሆን አይቀርም ያዩት፤ «ቆዪ፣ እንዲህ አይያዝም» እያሉ ተነሱ። ከኋላ ቆሙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳቢ የነበሩ ሰውዬ ገፊ ሆኑ። እሳቸው ገፉ፣ እኔ ሳብኩ፤ ጥቂት ሄዶ ልጣጩ ተበጠሰ። እንደገና። ቀኑ ሳይመሽ አንድ ልጣጭ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይበጠስ ወረደ፤ ባባ አንስተው በፀሐይ አዩትና «ዘይን፣ ጥሩ ነው» አሉ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ከልቤ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት እንልጋለን። ምንም አንሠራም፤ ሳንቃው እስኪሳሳ መላግ ብቻ ነው፣ ሲያልቅ ሾፌሩ ሌላ ያመጣል። ባባ የአባታቸውን መላጊያ አንዳንድ ቀን ይፈልጋሉ፣ አንዳንድ ቀን ይተዉታል። ክንዴ ወደ ጥንቱ ተመለሰ፣ እግሬ የኋሊት መሄዱን አስታወሰ። ደስ ይለኛል። ደስ ባለኝ ቁጥር ሰዓቱን አስባለሁ፤ ይሄኔ ደብረ ብርሃን አባዬም ሥራ ላይ ነው፣ ብቻውን እየገፋ፣ እየቆመ፣ ወገቡን እየያዘ። ለሰው አባት እየሳብኩ የራሴን አባት ያለ ሳቢ ትቼዋለሁ። አንድ ቀን ማዳም መጥታ ቆማ ስታየን «እንግዲህ ትቆያለሽ?» አለችኝ። እጀታውን እንደያዝኩ፣ ልጣጩ እየወረደ፣ «እሺ» አልኩ። አባዬን ሳልጠይቅ።

ደወልኩለት። ከሰዓት ነበር፣ ባባ ደጅ ሳንቃው ዘንድ ይጠብቁኛል።

«አባዬ፣ ትንሽ ልቆይ ነው።»

«ስንት ትንሽ?»

«ሁለት ዓመት።»

ሬዲዮው ሲያወራ ይሰማኛል። ቀነሰው።

«ሽማግሌው እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ትናንት ሦስት ልጣጭ ሳይበጠስ ወረደላቸው።»

«አንቺ ነሽ የምትስቢላቸው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ከወገብሽ ሳቢ። በክንድ ብቻ ከሳብሽ መላጊያው ያዘነብላል።»

«እሺ አባዬ።» ይቅርታ ልለው ነበር፣ ይቅርታ ብለው ደግሞ ምንም አይደል ሊለኝ ነው።

«በደንብ ሳቢላቸው። አይዞሽ የሺዬ። በይ ደህና ሁኚ፣ ሥራ ይዣለሁ።»

ስልኩን እንደ ልማዱ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ሰማሁ። ሳንቃዋስ ሳልለው ቀርቼ ነበር። ጫማው ወደ ግድግዳው ሄደ። የሆነ ረጅም ነገር ወለሉ ላይ እየተንፏቀቀ መጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ጓ ብሎ ተጋደመ። የምላጩን አናት ሁለቴ መታ። ከዚያ ሽ አለ፣ ቆመ። ጫማው አንድ እርምጃ ተራመደ። ሽ አለ፣ ቆመ።

ባባ ከደጅ «ያላ» እያሉ ተጣሩ። አባዬ ስልክ መዝጋት አያውቅበትም፣ የምዘጋው እኔ ነኝ። አልዘጋሁትም።